ቡግንጃሟ ብስክሌት

የቀናሁት በሰው ቤት ወይም በሰው ሀብት ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባቴ ለመናገር ባልተቸገርኩ። እሳቸውም እንዲህ ያለውን ብዙ ሰምተዋል፤ ስግደቴን አዘው ያሰናብቱኝ ነበር። እኔ ግን የቀናሁት በአንድ ሰው አውራ ጣት ነው። ጣቱን ብስክሌት ላይ ሲያሻሽ አይቼ ቀናሁ፣ በቅናቴ የገዛ እጄን ሥራ አበላሸሁ፣ ባበላሸሁት ደግሞ ሚስቴ ስትወቀስ ዝም ብዬ አየሁ። ይህን ለነፍስ አባት ከየት ጀምሬ ልንገር? ብየዳ ምን እንደሆነ ከማስረዳት ልጀምር?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የበርና የመስኮት በያጅ ነኝ። በከተማው ካሉት የግቢ በሮች ብዙዎቹ የእኔ እጅ አለባቸው፤ በሚኒባስ ሳልፍ የራሴን ከሰው ሥራ እየለየሁ አያለሁ። ብስክሌት ልሥራ የሚለው ሐሳብ ግን ከእኔ አልመጣም። አንድ ማለዳ ባለቤቴ ደጃፋችን ላይ ቆማ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሄዱትን ሠራተኞች ታያለች። ባጃጅ አጥተው፣ ነፋሱ ከፊት እየመታቸው፣ ፎጣና ነጠላ አፋቸው ላይ ጠምጥመው በእግር ይጣደፋሉ።

«አንተ የምትሠራው ሰው ቤቱን የሚዘጋበትን ነው» አለችኝ። «እስኪ ደግሞ የሚሄድበትን ሥራለት።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ጎማውን፣ ካቴናውንና ፍሬኑን ከአዲስ አበባ እናመጣለን፤ ዋናውን አካል፣ እኛ ቴላዮ የምንለውን፣ እኔ ከብረት ቱቦ እበይዳለሁ። ቀድሞ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ቀጠርንና የጎማውን ሽቦ መወጠር የእነሱ ሥራ ሆነ። ክር የለመደ እጅ ሽቦም አያቅተውም። ዋጋችን ከውጭ የሚመጣውን አዲስ ብስክሌት ግማሽ አይሞላም ነበር፤ ሐሳባችንም ያ ሠራተኛ እንዲገዛው ነበር።

ቱቦ መግዛት የባለቤቴ ድርሻ ነው። መርካቶ ትወርድና ከነጋዴው ክምር አንድ አንዱን እያነሳች፣ በጋብቻ ቀለበቷ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ስስ ከሆነ «ይሄ ያለቅሳል» ብላ ትመልሰዋለች። ወፍራሙን «ይሄ ይናገራል» ብላ ለብቻው ታጋድመዋለች። ነጋዴው መጀመሪያ ይስቅባት ነበር፤ በኋላ ግን ገና ከሩቅ ሲያያት ስሱን ከፊቷ ማንሳት ጀመረ። እኔ በብየዳዬ የምኮራውን ያህል እሷ በጆሮዋ ትኮራ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ብስክሌቶቻችን መልክ አልነበራቸውም፤ አልዋሽም። ከባድ ናቸው። ቱቦ ከቱቦ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የብየዳው እብጠት ጎልቶ ይታያል። በር ስሠራ ይህን እብጠት በግራይንደር እሞርደዋለሁ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ ከዚያ ዝገት የሚከላከል አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም፤ መጋጠሚያው የት እንደነበረ ባለቤቱም አያገኘው። የማጠፊያው ብየዳ ግን አይነካም። በሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሌላው ቢቀር ይህን ሳያስምሉኝ መበየጃ አላስጨበጡኝም። ብስክሌት ደግሞ ሁለመናው ማጠፊያ ነው፤ ሰው የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎበታል። ስለዚህ እብጠቱን እንዳለ ቀለም ቀብቼ ተውኩት።

ከእኛ የገዙ ሰዎች አላማረሩም። ዘበኛው ገዛ፣ ወተት የሚያመላልሰው ገዛ፣ ከደነባ ድረስ መጥቶ አንድ መምህር ገዛ። ያላስደሰትናቸው ብስክሌተኞቹን ነው። ብስክሌተኛ ስል እንደ ዘበኛው ለመድረስ ብቻ የሚጋልበውን ማለቴ አይደለም። እሁድ እሁድ ቁምጣ ታጥቀው፣ ቆብ ደፍተው በአንኮበር መንገድ የሚወጡትን፣ ጉም ውስጥ ገብተው ጎረቤላ ሻይ ጠጥተው የሚመለሱትን ነው። በከተማችን የብስክሌት ስም የሚነሳውና የሚወድቀው በእነሱ አፍ ነው፤ ብስክሌት መግዛት ያማረው ሁሉ መጀመሪያ እነሱን ይጠይቃል። እነሱ ደግሞ የእኛን አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩና «ቡግንጃም» አሏት። በቃ፣ ስሟ ያ ሆነ። የንግድ ስም አውጥተን በቢጫ ቀለም ጽፈንባት ነበር፤ ማንም አላነበበውም።

ይህንንም እችለው ነበር፤ ያ ሰው ባይመጣ።

ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። የጎረቤላ ልጅ ነው፤ በጉርምስናው በተውሶ ብስክሌት ሲወዳደር የኖረ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ጠባብ ቤት ተከራይቶ ጥገና ከፈተ። ከውጭ የገቡ አሮጌ ብስክሌቶች ከአዲስ አበባ እየለቀመ ያድሳል፣ ይሸጣል። ሳምንት ሳይሞላው ብስክሌተኞቹ ደጁ ላይ ተኮለኮሉ። ይስቃል፣ ያስቃቸዋል፤ ጎማ ሲነፋ እንኳ ከብበው ያዩታል። እኔ ብቅ ስል ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ይለኛል። በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ። ባለጌ ቢሆን ምንኛ በተገላገልኩ! ምክንያት ያጣ ቅናት እንደ ደረቅ ሳል ነው፤ ብትስለው አይወጣልህም።

አንድ እሁድ ከአንኮበር ተመልሰው ደጁ ላይ ተሰብስበዋል። ያደሰውን አንድ አሮጌ የውጭ ብስክሌት በእጁ ይዟል። አውራ ጣቱን ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ አድርጎ አንሸራተተው። ጣቱ የትም ቦታ አልተደናቀፈም።

«ሥራ ማለት ይኼ ነው» አለ። «የት እንደገጠመ አይታወቅም እኮ።»

ሁሉም በየተራ ጣታቸውን አንሸራተቱ። አንዱ ወደ እኔ በር በአገጩ ጠቆመና «ያቺ ቡግንጃም ብትሆን ጣትህን ትልጠው ነበር» አለ። ሳቁ። እሱም ሳቀ ወይስ አልሳቀም፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ ግን የሰማሁት የእሱን ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ አንዱ መበየድ፣ ሌላው እሱን ማየት። ማን መጣ፣ ማን ምን ገዛ፣ ማን ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ብየዳ ስጀምር መነጽሬን ከማውረዴ በፊት አንድ ጊዜ ማዶ አያለሁ፤ ስጨርስ መነጽሬን ሳነሳ አሁንም ማዶ ነኝ። ሲስቁ ግራይንደሬን አስነሳለሁ። የሚሞረድ ነገር ባይኖር እንኳ ቁራጭ ብረት ላይ አስጮኸዋለሁ፣ ሳቃቸው እንዳይሰማኝ። ባለቤቴ «ጨዋ ልጅ ነው» ያለችኝ ቀን ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። የወርክሾፔ በር ላይ በትልቁ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጽፌ ነበር፤ ምቀኛው ከበሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ቱቦ ልትገዛ መርካቶ በወረደችበት ቀን ነው ያደረግሁት። አዲስ የተበየደ ቴላዮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ግራይንደሩን አነሳሁና የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ሞረድኩት። ብልጭታው ሲረግፍ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ሞረድኩ፣ ሦስተኛውን። መሪው ከሚገጥምበት ከፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ስደርስ የሽማግሌው መምህሬ ፊት ድቅን አለብኝ። ማዶ ደግሞ ሳቅ ሰማሁ። ሞረድኩት። ስቱኮ ቀባሁት፣ አንቲረስት ቀባሁት፣ በጥቁር ቀለም ጨረስኩት። ሲደርቅ አውራ ጣቴን ከላይ ወደ ታች አንሸራተትኩ፤ የትም ቦታ አልተደናቀፈም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው፤ የሚሠራ ብስክሌት ነበረኝ፣ ማንም ሞርደው አላለኝም።

ደጃፌ ላይ አቆምኳት። እሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዴት አምራለች!» አለ። እውነት ደስ ብሎት ነው። አውራ ጣቱን አንሸራተተ፤ ከፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ። መለሰው። እንደገና አሻሸው። «ጋሼ፣ ብየዳው ወደ ውስጥ በደንብ በልቷል አይደል?»

«እኔ መበየድ ስጀምር አንተ ጡት አልጣልክም» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነዎት» ብሎ ተሻግሮ ሄደ። ሥራዬን ያየው፣ የተጠራጠረውም፣ ያው ጣት ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ምቀኝነት ነው። የራሴን ሸክም እሱ ላይ ጭኜ አደርኩ።

ከዚያ ለጥቂት ወራት ደህና ሆንኩ። ባለቤቴ «እንዴት አማረባት!» ብላ የሞረድኳትን ብስክሌት ዞር ዞር እያለች አየቻት። ብስክሌተኞቹ መምጣት ጀመሩ። ርካሽ ናት፣ አሁን ደግሞ አታሳፍርም። መጀመሪያ ከእኔ የገዛችው ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ እሁድ ከወንዶቹ እኩል የምትወጣ ልጅ ነበረች። ስትገዛ ማዶ ሳይሆን እዚህ መግዛቷ ያሰከረኝን ያህል ጠጅም አስክሮኝ አያውቅ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው ከእሱ ደጅ ወደ እኔ ደጅ ሲሻገር አያለሁ። ግራይንደሩን ለሳቅ ማፈኛ ማስነሳት ተውኩ።

ልጅቱ የወደቀችው ከጎረቤላ በታች፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ነው። ፍሬን ስትይዝ የፊተኛው መጋጠሚያ ተከፈተ፤ መሪው እጇ ላይ ቀረ። የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ ፊቷ ተላላጠ፣ ነፍሷን ግን እግዜር አተረፋት። ከባለቤቴ ጋር ሄደን ጠየቅናት። እናቷ ወንበር አቀረበችልንና «ሥራ ትታችሁ መጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችን። ያን ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

የተሰበረችው ብስክሌት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ይላል፤ ቱቦው ስስ ነው፣ ቱቦው ቆርቆሮ ነው፣ ሴትየዋ መርካቶ እየወረደች ርካሽ ቱቦ ነው የምትለቅመው። ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ወርክሾፑ መሐል ቆመች።

«ቱቦው ነው እንዴ?» አለችኝ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንተ ታውቃለህ። ቱቦው ነው?»

ምን እንደሆነ ስንጥቁን ባየሁበት ቅጽበት አውቄዋለሁ። ያን ጊዜ ብናገር ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ብናገር ግን ለምን እንደሞረድኩ መናገር አለብኝ፤ ያን ብናገር ደግሞ ማዶ ያለው ይሰማል።

«እንግዲህ ነጋዴ ምን ይታመናል» አልኩ።

ሌላ አልተናገርኩም። ለእሷ ግን በቂ ነበር። በማግስቱ መርካቶ ወርዳ ያንን ነጋዴ በሰው ፊት ሌባ ብላ ሰደበችው። ሌላ ነጋዴ ያዘች፣ ክብደቱ እጅ የሚቆርጥ ቱቦ ይዛ መጣች። ስታወርድ አየኋት፤ በቀለበቷ አልመታችውም።

«አታዳምጪውም?» አልኳት።

«ጆሮዬ ከድቶኝ የለ» አለች። «ሰው ልገድል ነበር እኮ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ዝም አለች። ሥራ አላቋረጠችም፣ ቤቷን አልበደለችም፤ ብቻ በፊት ስለ ቱቦ ስታወራ የነበራት ድምፅ ጠፋ። ሰው ብስክሌት ሊያይ ሲገባ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ ደግሞ አዲሱንም ቱቦ እንደ ፊተኛው እሞርደዋለሁ፤ እብጠቱን ድንገት ብመልሰው ትጠይቀኛለች ብዬ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የእሷ ልብ እየተሰበረ፣ እኔ ስለ መልክ መጨነቄን አላቆምኩም።

ሁለት ብስክሌቶች ተጨማሪ ተሰነጠቁ፤ ደግነቱ ማንም አልወደቀም። ሁለቱም የተወሰዱት ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማዶ ነው። አንድ ጠዋት አንዱን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ተሻገረ። ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመውና ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዞረው። ስንጥቁ ቱቦው ላይ አልነበረም፤ ልክ በሞረድኩት መስመር ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ባለቤቴ ጓዳ ነበረች። «እነዚያ የድሮዎቹ፣ እብጠት ያላቸው፣ አንድም ተሰብሮ አላየሁም።»

ስንጥቁን በጣቴ ነካሁት።

«ልጆቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። የተሞረደ ያላቸው ሁሉ ያምጡና እርስዎ ደግመው ይበይዱላቸው። ብቻ አይሞርዱት።»

ለምን ሞረዱት አላለኝም። ጠይቆኝ ቢሆን እጣላው ነበር፤ ስላልጠየቀኝ ግን የምይዘው አጣሁ። እኔ አምጡ ብል ማን ያመጣልኝ ነበር? እሱ ሲጠራቸው ግን ሁሉም መጡ። ሦስት እሁድ ሙሉ ደጁ ላይ እንደ ደቦ ተሰበሰቡ። አንዱ ጎማ ይፈታል፣ አንዱ ቀለሙን ይፍቃል፣ አንዱ ባዶውን ቴላዮ ተሸክሞ መንገዱን ያሻግራል፤ እኔ እበይዳለሁ፣ እነሱ መልሰው ይገጥማሉ። ሻይ የሚያመጣላቸው እሱ፣ የሚያስቃቸው እሱ። እኔ መነጽሬን ደፍቼ እበይዳለሁ። ሕይወቴን እያተረፈልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያን ያህልም ቀንቼበት አላውቅም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። እብጠቱ መታመኛ ሆነ። ሊገዛ የሚመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ፊተኛውን መጋጠሚያ በጣቱ ይነካና «ቡግንጅ አላት?» ይላል። ካላት ይገዛል። ብስክሌተኞቹ ራሳቸው ለሰው «ቡግንጃሟን ግዛ፣ አትሰበርም» ማለት ጀመሩ። እጇ የተሰበረው ልጅ እንኳ ስትድን ብስክሌቷን አስበይዳ ወሰደች። ስማችን ተመለሰ። ግን ሁሉም አንድ ነገር ያክሉበታል፤ «የድሮው እብጠት ካለማወቅ ነበር፤ ጥቅሙን ማዶ ያለው ልጅ አሳይቶት ነው እንጂ እሱማ የበር በያጅ ነው» ይላሉ። በሰማሁ ቁጥር ልጮህ እነሳለሁ። እብጠቱ የእኔ ነበር! እሱ ሱቅ ሳይከፍት፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ ከመጀመሪያዋ ብስክሌት ጀምሮ አውቄ የተውኩት የእኔ ነበር። ይህን ለመናገር ግን ለምን እንዳጠፋሁት መናገር አለብኝ። የራሴን ክብር ማዶ አስቀምጬ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ተሻግሬ ላመጣው አልችልም።

ባለቤቴ እብጠቱ የተመለሰው ስሱን ቱቦ ለማጠንከር መሰላት፤ ቱቦውን ስለለወጠችም ነገሩ የተስተካከለ መሰላት። «ብቻ ያ ነጋዴ፣ እግዜር ይይለት» ትላለች። እኔ መነጽሬን አወርዳለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከደነባ ያ መምህር መጣ። ጎማ ሊያስቀይር ነው። ከመጀመሪያዎቹ የገዛ ነው፤ ብስክሌቷ ቀለሟ ለቋል፣ ኮርቻዋ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ግን እንደ በቅሎ ጠንካራ ናት። ቅዳሜ ነበር፤ ደጃፌ ላይ ሁለት ብስክሌተኞች ቆመዋል፣ ማዶ ያለውም ጎማ ይዞልን ተሻግሯል። ባለቤቴ እንግዳውን ስለምታውቀው ከጓዳ ወጥታ እጅ ነሳችው።

አንደኛው ብስክሌተኛ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን ነካ። «ይቺ ቡግንጇ ደንበኛ ነው» አለ። «እሱ ካሳየህ በኋላ ከሠራኸው ናት፣ አይደል ጋሼ?»

መምህሩ ሳቀ። «ምኑን አሳየው? እኔ ስገዛት ማዶ ያለው ቤት ፀጉር ቤት ነበር፤ እብጠቱ ጥንካሬዋ ነው ያለኝም የሠራት ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም እንዲህ አልነበሩም እንዴ? በኋላ ለምን እንደተዋችሁት ነው የገረመኝ።»

ለወራት ስመኘው የኖርኩትን ሰው በአፉ ተናገረልኝ፤ በሁሉም ፊት፣ ማዶ ያለው እየሰማ። ለአንድ አፍታ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ባለቤቴን አየኋት። ወደ ብስክሌቷ ተጠጋች። እጇን አነሳችና በጋብቻ ቀለበቷ ቱቦውን መታ መታ አደረገች፤ ጆሮዋን አስጠጋች። ከነጋዴው ጋር ከተጣላች ወዲህ ይህን ስታደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይሄ ከዚያ ነጋዴ የገዛሁት ነው» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ግድግዳው ጋ ሄደች፤ ልጅቱ ከወደቀችባት ብስክሌት ላይ ቆርጠን የጣልነው ቁራጭ ቱቦ እዚያ ነበር። አነሳችው፣ መታችው፣ አዳመጠችው። «ይሄም ያው ነው። ይናገራል።» ወደ እኔ ዞረች። «ቱቦዬ ስስ ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ።

«እና ምን ነበር?»

ሰዎቹ ሁሉ እዚያው ናቸው። ጓዳ ገብተን እንነጋገር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ በሰው ፊት ነው የተሰደበችው፣ በሰው ፊት ነው ሰው የሰደበችው።

«እብጠቱን ሞርጄው ነው» አልኩ። «ሸክም ያለበት ብየዳ እንደማይሞረድ እያወቅሁ ሞረድኩት። በእሱ ቀንቼ ነው።» በእጄ አመለከትኩት። «የውጭውን ብስክሌት ጣቱ ሲያደንቅ አይቼ ቀናሁ።»

ማንም አልሳቀም። ማዶ ያለው ሰው መሬት መሬት ያያል። ባለቤቴ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«የሞረዱትን አውቃለሁ፣ እትዬ» አላት። «በእኔ መሆኑን ግን አላወቅሁም።»

የያዘውን ጎማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተሻግሮ ሄደ። ብስክሌተኞቹም ተከትለውት ሄዱ። መምህሩ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ኮርቻውን ይነካካል። ባለቤቴ የቱቦውን ቁራጭ እንደያዘች ነበር።

«ጆሮዬን ጥዬው ነበር እኮ» አለችኝ። «ጆሮዬን!»

ያን ሳምንት አላናገረችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ጋቢዬን አቀበለችኝና «ተነስ፣ መርካቶ ነን» አለች። የመጀመሪያው ነጋዴ ፊት አቆመችኝ። ሌባ ብላ በሰደበችው ቦታ፣ ጎረቤቶቹ እየሰሙ፣ ቱቦው ደህና እንደነበረና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ነጋዴው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ወንበር ሳበላት፤ ስሱን ቱቦም ከፊቷ አነሳ።

ማዶ ያለው ሰው አሁንም ጋሼ ይለኛል፣ ሲያየኝ ብድግ ይላል። ድሮ ግን ዘው ብሎ ይሻገር ነበር፤ አሁን ከመንገዱ ወዲያ ቆሞ ነው የሚጠራኝ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ። ብስክሌተኞቹ ሲስቁ ዛሬም አንገቴ ወደዚያ ይዞራል። የእብጠቱን ነገር ማን እንደጀመረ አሁን ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደተወውም ሁሉም ያውቃል፣ የሚያወሩትም ሁለተኛውን ነው።

የግራይንደሩን ድንጋይ ባለቤቴ ፈታ ወስዳዋለች። ከቱቦው ደረሰኞች ጋር በሣጥን ቆልፋ ታስቀምጠዋለች። የበር ሥራ ሲመጣ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ቁልፉን ይዛ ትቆምና ከእኔ ትከሻ በላይ መንገዱን ታያለች።

«ለበር ነው?» ትለኛለች።

«ለበር ነው» እላታለሁ።

ማዶ ሳቅ ካለ ጋብ እስኪል ትቆያለች፤ ከዚያ ትሰጠኛለች።